የቤት ማቀዝቀዣ ተከላና ጥገና በድሬዳዋ

የቤት ማቀዝቀዣ ተከላና ጥገና በድሬዳዋ ከተማና በዳርቻዋ ባሉ ሰፈሮች፣ መልካ ጀብዱን ጨምሮ፣ የመኖሪያ ቤት ሙቀትን የሚቀንሱ መሣሪያዎችን የመትከል፣ የመጠገንና የመንከባከብ ሙያ ነው። መሣሪያዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቬንትሌተር (ማራገቢያ)፣ በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣና ኤር ኮንዲሽነር፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው። በሌላው ዓለም ይህ ሙያ ቤት ከማሞቅ ሥራ ጋር ተጣምሮ ይታወቃል። በድሬዳዋ ግን ቤት የሚያሞቅ ሰው የለም። ማሞቅ የሚለው ቃል ለባለሙያው የሚነሳው ስለ ገላ መታጠቢያ ቦይለር ሲወራ ብቻ ነው።

የአየር ንብረት

ድሬዳዋ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍተኛው ሙቀት በግንቦትና በሰኔ የሚመጣ ሲሆን ቀን ላይ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ቀዝቃዛዎቹ ወራት ታኅሣሥና ጥር ሲሆኑ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ዝናቡ በሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ዋናው በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል።

የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የገባ መንገደኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሌሊት ለሚተኛ ሰው ግን በብርድ ልብስና በነጠላ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለማቀዝቀዣ ባለሙያ ከሙቀቱ መጠን ባልተናነሰ የእርጥበቱ መጠን ያስፈልገዋል። በደረቁ ወራት የድሬዳዋ አየር ደረቅና አቧራማ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይወብቃል። በሰኔ መጀመሪያ ጥሩ የሚያቀዘቅዝ የውሃ ማቀዝቀዣ በነሐሴ የማይረባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመሣሪያው በፊት

የድሬዳዋ ታሪክ ከባቡር ጋር ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ቦታው ላይ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1902 በሐምሌ ወር፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ በእርጥበት ምክንያት ወረቀት ለሚበላሽበት ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ ንድፍ አወጣ። ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት አልነበራቸውም። የካሪየር መሣሪያ በድሬዳዋ ቤቶች ውስጥ የሚገባው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ሙቀቱን የተከላከለው የቤቱ አሠራር ነበር።

በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ወገን ያለው ከዚራ በባቡር ኩባንያው ዘመን በቀጥታ መንገዶች የተቀየሰ ሰፈር ነው። በመንገዶቹ ዳርና ዳር የተተከሉት ዛፎች ለውበት ብቻ አልነበሩም፤ ግድግዳና አስፋልት እንዳይግል ያደርጋሉ። የጥንቶቹ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮቶቻቸው የእንጨት መዝጊያ ያላቸው ናቸው። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሙቀቱ ውስጥ የሚደርሰው መሽቶ መስኮት በሚከፈትበት ሰዓት ነው። ከወንዙ ማዶ በመጋላ ደግሞ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ በመሆናቸው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሰጣል።

ልማዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሽርጥ መታጠቅ፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ዘግቶ ማረፍ፣ ማታ በግቢ ወይም በበረንዳ አልጋ ዘርግቶ መተኛት በከተማዋ የቆዩ ናቸው። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው ከሸክላው ላብ እየሆነ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚህ በታች የተገለጸው የውሃ ማቀዝቀዣ ከእንስራው የሚለየው ሞተር ስላለው ብቻ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ ቤት ነው። በብሎኬት ግድግዳና በቆርቆሮ ክዳን የተሠራ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል እኩለ ቀን ላይ ከውጩ አየር ይበልጥ ይግላል። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ በእጅ ስለማይነካ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። በእንዲህ ያለ ቤት ኤሲ ከመትከል በፊት ኮርኒስ መሥራት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተውና ክዳኑን ነጭ ቀለም መቀባት ይበጃል። ወጪው አንድ ጊዜ ነው፤ መብራትም አይበላም። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ የሚነግር ባለሙያ አንድ የኤሲ ሥራ ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህም ሁሉም አይነግርም።

ቬንትሌተርና የውሃ ማቀዝቀዣ

በከተማዋ በብዛት የሚታየው መሣሪያ ቬንትሌተር ነው። ቬንትሌተር አየርን አያቀዘቅዝም። ላብ ቶሎ እንዲተን በማድረግ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ሰው በሌለበት ክፍል ከፍቶ መሄድ ትርፉ መብራት ማባከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ሰውነትን ይበልጥ እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። በድሬዳዋ እዚያ የሚደርስ ቀን እምብዛም የለም፤ የታመቀ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ሊደርስ ይችላል።

የቬንትሌተር ብልሽት ቀላል ነው። ሲበራ እያጉረመረመ የማይዞር፣ በእጅ ሲገፉት ግን የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ ነው። ርካሽ ዕቃ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል። ቀስ ብሎ የሚዞርና የሚግል ከሆነ ቡሽ ወይም ኩሽኔታው አቧራ ጠጥቷል።

የውሃ ማቀዝቀዣ ገንዳ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ውሃ የሚረጥብ ስፖንጅ መሰል ንጣፍና ማራገቢያ ያለው ሣጥን ነው። የውጩ አየር 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን በትነት ሊደረስበት የሚቻለው ዝቅተኛ ሙቀት 22 ዲግሪ ገደማ ነው። እውነተኛ መሣሪያ የዚህን ልዩነት 70 በመቶ ያህል ቢይዝ 26 ዲግሪ የሆነ አየር ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ግን መስኮት ሲከፈት ነው። ብዙ ሰው እንደ ኤሲ ቆጥሮ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ያበራዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክፍሉ በእርጥበት ይሞላና ማቀዝቀዙን ያቆማል። ከዚያ «ተበላሽቷል» ተብሎ ባለሙያ ይጠራል።

ሌላው የዚህ መሣሪያ ጠላት የራሱ የከተማዋ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ውሃ የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ውሃው ካልሲየም የተሸከመ፣ ሻይ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥም ውሃው ሲተን ኖራው ንጣፉ ላይ ይቀራል፤ ንጣፉ ይደርቅና አየር አላሳልፍ ይላል። በየሳምንቱ የገንዳውን ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት፣ በየወሩ ንጣፉን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ውሃ ማጠብ ዕድሜውን ያራዝማል። ቦይለርንም የሚገድለው ይኸው ቅርፊት ነው፤ ማሞቂያውን ዘንግ ሸፍኖ እንዲቃጠል ያደርገዋል።

ኤሲ እንዴት ይሠራል

ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል። የሚሸከመው ጋዝ (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ይግላል፤ ውጭ ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጩ አየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወይም በቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ቤት ውስጥ ባለው ክፍል እየተነነ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ የክፍሉ አየር እርጥበት ጤዛ ይሆንና በጎማ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ከአገልግሎት ላይ ያለው በአብዛኛው ስፕሊት የሚባለው፣ የውስጥና የውጭ ክፍሉ የተለያየው ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ስፕሊቶች የጋዙን አዙሪት የሚገለብጥ ቫልቭ ስላላቸው ቤት ማሞቅም ይችላሉ። ድሬዳዋ ላይ ይህ ችሎታ የሚታወቀው ልጆች ሪሞቱን ሲነካኩ የፀሐይ ምልክት ያለው ሥራ በስህተት ሲመረጥና ኤሲው ሙቅ አየር ሲተፋ ነው። ባለሙያ ከመጥራት በፊት ሪሞቱን ማየት አይከፋም። በደጋው፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ቤት ማሞቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው ከሰል ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች አሉ።

መጠንና ተከላ

የኤሲ ጉልበት በቢቲዩ ይለካል። በገበያ የሚገኙት 9,000፣ 12,000፣ 18,000 እና 24,000 ናቸው። ነጋዴዎች በፈረስ ጉልበት ሲጠሩ 12,000ውን «አንድ ተኩል» ይሉታል። ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያህል መገመት የተለመደ ስሌት ሲሆን 4 በ4 ለሆነ ክፍል 9,600 ይሆናል። ኮርኒስ በሌለው ወይም የምዕራብ ፀሐይ በሚመታው ክፍል 12,000ው ይመረጣል። በድሬዳዋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአሥር እጅ አንድ በላይ ስለሚሳሳ ኮንደንሰሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም ይሳሳል፤ ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ይህ ማለት ግን ትልቁን መግዛት ይሻላል ማለት አይደለም። ከልክ በላይ ትልቅ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል፤ በየደቂቃው ሲነሳና ሲቆም ኮምፕሬሰሩ ያረጃል።

የውጭ ክፍሉ በጥላ፣ አየር እንደ ልብ በሚያገኝበት ቦታ መቀመጥ አለበት። በቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ሥር የታመቀ ከሆነ የራሱን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በብረት ቅንፍ ይሰቀላል። የጭቃ ግድግዳ ግን ክብደቱንና መንቀጥቀጡን ስለማይችል መሬት ላይ በኮንክሪት መደብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የፍሳሽ ጎማው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረድ አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ውሃው ተመልሶ ግድግዳ ላይ ይፈስሳል።

ለ12,000 ቢቲዩ ኤሲ ከማከፋፈያ ሣጥኑ የራሱ ብሬከር ያለው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘረጋለታል። በዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር መሰካት ሽቦ ያቀልጣል፤ ቤትም ያቃጥላል። የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) መኖሩም መረጋገጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ተከላው የሚበላሸው በአንድ የተዘለለ እርምጃ ነው። ቱቦዎቹ ከተገናኙ በኋላ ውስጣቸው ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። ግፊቱ በጣም ሲወርድ በቱቦው ያለው ውሃ በክፍል ሙቀት ፈልቶ ይተንና ይወጣል፤ ይህም ደቂቃዎችን ይወስዳል። የቸኮለ ሠራተኛ ፓምፑን ትቶ ከኤሲው ጋር የመጣውን ጋዝ ጥቂት ለቆ «አየሩን አስወጣሁ» ይላል። ኤሲው ያን ቀን ይሠራል። ውስጡ የቀረው እርጥበት ግን ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆንና የኮምፕሬሰሩን ጥቅል ሽቦ ይበላዋል፤ ውጤቱ የሚታየው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሠራተኛው ከተረሳ በኋላ ነው።

«ጋዙ አልቋል»

በጥገና ሥራ በብዛት የሚሰማው ቃል «ጋዝ ይሞላ» ነው። ጋዝ ግን እንደ ምግብ ማብሰያው ሲሊንደር ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር በትክክል የተተከለ ኤሲ ዕድሜውን ሙሉ በመጀመሪያው ጋዝ ሊሠራ ይችላል። ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ በርሜል ውሃ እንደ መቅዳት ሲሆን፣ ባለቤቱ በየበጋው ይከፍላል።

የሚያፈስ ቦታ የሚፈለገው አስቀድሞ ቱቦውን በናይትሮጅን ሞልቶ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ በመቀባት ነው። አረፋ ያበጠበት እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በተከላ ጊዜ በተሠራው የመዳብ አፍ ላይ ነው። በናይትሮጅን ፋንታ የብየዳ ኦክሲጅን መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ኦክሲጅን በግፊት ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በተለያዩ አገሮች ሠራተኞችን የገደለ ስህተት ነው።

ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲል በመጀመሪያ መታየት ያለበት ጋዙ ሳይሆን ማጣሪያው ነው። የድሬዳዋ አቧራ በደረቁ ወራት ማጣሪያን በሁለት ሳምንት ይደፍናል። አየር ሲያጣ የውስጡ ቱቦ በረዶ ይጋግራል፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱ ሁለት ብልሽት ያለ ይመስለዋል። ማጣሪያውን አውጥቶ በውሃ ማጠብ የባለቤቱ ሥራ ሲሆን መፍቻ አይፈልግም። የውጩ ኮንደንሰር ግን መብራት ተቋርጦ፣ በዝግታ በሚፈስ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ መታጠብ አለበት፤ በኃይለኛ ውሃ የተመታ ስስ ክንፍ ይጣመማል።

የማራገቢያው ሞተር ሲዞር ኮምፕሬሰሩ ካልተነሳ ካፓሲተሩ ይመረመራል። ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሳያራግፉት በእጅ መንካት አደጋ ነው። በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ከተቃጠለ የመቀየሪያው ዋጋ ወደ አዲስ ኤሲ ዋጋ ስለሚጠጋ ብዙዎች አዲሱን ይመርጣሉ።

ጋዞቹና ሕጉ

በቆዩ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-22 የሚባለው ጋዝ ሲሆን የኦዞን ንጣፍን ይጎዳል። ተተኪው አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ረገድ አንድ ኪሎው ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። አሁን እየተለመደ የመጣው አር-32 ይህን ወደ 675 ያወርደዋል፤ በመጠኑ ግን ሊቀጣጠል ይችላል። ፕሮፔን (አር-290) ለከባቢ አየር እጅግ የተሻለ ሆኖ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለእርሱ ባልተሠራ አሮጌ ኤሲ ውስጥ ፕሮፔን መሙላት ርካሽ መፍትሔ ቢመስልም በመኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ቦምብ መስቀል ነው።

ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አገሪቱ የኪጋሊን ማሻሻያ አጽድቃለች። በፕሮቶኮሉ መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እንደ አር-22 ያሉትን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ላሉት መሣሪያዎች ጥገና የሚሆን ጥቂት ብቻ ነው። ለድሬዳዋ ቤተሰብ የዚህ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ ዛሬ በርካሽ የሚገዛ አሮጌ የአር-22 ኤሲ ነገ የሚሞላለት ጋዝ እየተወደደ ይሄዳል። በመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ የጋዙን ስም ማወቅ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነገር ነው። አር-410ኤ ከአር-22 በ1.6 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ስለሚሠራ ሁለቱ ጌጅና ቱቦም አይጋሩም፤ መቀላቀልም አይቻልም።

መብራት

የኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱ ሰዎች ይዘዋቸው የሚመጡት ዕቃዎች ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው፤ ቮልቱ ተቀራራቢ ቢሆንም ሞተሩ እዚህ በዝግታ ይዞራል፤ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስታቢላይዘር ቮልት ያስተካክላል እንጂ ኸርዝ አይለውጥም። በድሬዳዋ አሸዋና ታይዋን በሚባሉት ገበያዎች ኤሌክትሮኒክስ የሚገዛ ሰው «ስንት ቮልት ነው» ብሎ ይጠይቃል፤ «ስንት ኸርዝ ነው» የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይሰማም።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ ጋዙ እንደ ታመቀ ለመነሳት ይታገላል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። አዳዲሶቹ ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ ለአሮጌዎቹ የሚያዘገይ መከላከያ መግጠም ያዋጣል።

ፍጆታውን ለማነጻጸር፦ 60 ዋት ቬንትሌተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። 1.1 ኪሎዋት የሚስብ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ኮምፕሬሰሩ ሁለት ሦስተኛውን ጊዜ ቢሠራ፣ ወደ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በአገሪቱ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር ሂሳቡ ከፍጆታው ይበልጥ ያድጋል። ኤሲውን 26 ዲግሪ ላይ አድርጎ ቬንትሌተር ማገዝ 20 ዲግሪ ላይ ከማድረግ በእጅጉ ይቀንሳል።

የቆመ ውሃና ትንኝ

በድሬዳዋ የማቀዝቀዣ ጥገና ከጤና ጋር የሚገናኝበት መንገድ በሌላ ከተማ ብዙም አይታሰብም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተረጋገጠ የዴንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህች ከተማ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ ቺኩንጉንያ ተስፋፋ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነክሰው ኤደስ የተባለች ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ የወባ ሕመም በከተማዋ ሲበዛ ተመራማሪዎች ከእስያ ከመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ጋር አያያዙት። ይህች ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነው።

ሁለቱም ትንኞች የሚያመሳስላቸው በረግረግ ሳይሆን ሰው ባጠራቀመው ውሃ መራባታቸው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜልና ሮቶ የሌለው ቤት የለም። የውሃ ማቀዝቀዣው ገንዳም፣ በኤሲ ፍሳሽ ጎማ ሥር የሚቀመጠው ባልዲም ያው የቆመ ውሃ ናቸው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ጨምሮ ይበቃታል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ መድፋት ዑደቱን ይቆርጠዋል። የኤደስ እንቁላል ግን በዕቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ደርቆ ለወራት መቆየት ስለሚችል መድፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ በብሩሽ መታሸት አለበት። ወቅቱ አልፎ የውሃ ማቀዝቀዣው ሲቀመጥም ገንዳው ተጠርጎና ደርቆ መሆን ይኖርበታል።

መልካ ጀብዱ

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ የገጠርና የከተማ መጋጠሚያ ሆኖ ኖሯል፤ አሁን ግን የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ አቅጣጫ ተሠርቷል፤ ቦታው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሥራ ጀምሯል።

ለማቀዝቀዣ ሙያ ይህ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መጋዘንና ፋብሪካ የሚጠብቀው ባለሙያ ከቤት ኤሲ ያለፈ፣ ትልልቅ ሥርዓቶችን የሚያውቅ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ሲሠራ ለኖረ ወጣት በር ይከፈትለታል። በሌላ በኩል ሜዳው ክፍት፣ ዛፉ ጥቂት፣ አዲሱ ቤት አብዛኛው ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። የከዚራ ነዋሪ በአያቶች የተተከለ ጥላ አለው። መልካ ጀብዱ ላይ ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ጥላውን ከመሠረቱ ማሰብ አለበት፦ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ ወደ ምዕራብ መስኮት አለማብዛት፣ ክዳኑን ከግድግዳው አሳልፎ ማውጣት፣ በግቢው ኒም ወይም ሌላ ድርቅ የሚችል ዛፍ መትከል። ኤሲ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ያለው ማቀዝቀዣ ይኸው ነው።

ሙያውና ምዘናው

አብዛኛው የድሬዳዋ ማቀዝቀዣ ሠራተኛ ሙያውን የሚማረው ከፍሪጅ ጠጋኝ ሥር ረዳት ሆኖ ነው። በመደበኛው መንገድ በቴክኒክና ሙያ ተቋም በየደረጃው ተምሮ የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይጠበቃል፤ በልምድ የተማረም መመዘን ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ለድርጅት ሥራ ይጠየቃል። ቤት የሚጠራው ደንበኛ ግን የሚያየው መሣሪያውን ነው። ጌጅ፣ ቫኪዩም ፓምፕ፣ የናይትሮጅን ሲሊንደርና የጋዝ ሚዛን ይዞ የመጣ ሠራተኛና አንድ የጋዝ ቆርቆሮ ብቻ አንጠልጥሎ የመጣ ሠራተኛ የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም።

ሙያው አደጋ አለው። ውጭ ክፍሉን ለመስቀል መሰላል ላይ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ቀበቶ የላቸውም፤ በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ላይ የሚሠራ ሰውም ራሱ በሙቀት ሊወድቅ ይችላል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የውጩን ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ ጨርሰው የውስጡን ለቀትር ያቆያሉ፤ ደንበኞችም ቀጠሮ ሲይዙ ይህንኑ ቢያስቡ ሥራው ይቀልላል።